ሌሊትም ያልተዘጋች ደጅ፤ የቶማስ በርናርዶ ሕይወት

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ምሕረት ማድረግ መልካም እንደ ሆነ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ለማን፥ መቼ፥ ምን ያህል የሚለው ነገር ሲመጣ እያንዳንዱ ሰው ለምሕረቱ ልክ ያበጃል። በኪሱ ያለውን ይቈጥራል፤ ቤቱ እንዳይጠብበው ይፈራል፤ የተቸገረውንም ሌላ ቀን እንዲመለስ ነግሮ ይሸኘዋል። ይህንንም ጥንቃቄ ብሎ ይጠራዋል። በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ታሪኩ የሚነገረው ሰው እርሱም እንዲሁ ለምሕረቱ ልክ አብጅቶ ነበር። ያ ልክ ግን የአንድ ሕፃን ሞት ባስከተለ ጊዜ አፍርሶ ጣለው፤ ከዚያ ወዲያ ደጁን ቀንም ሌሊትም ሳይዘጋ እስኪሞት ድረስ ኖረ። ስሙ ቶማስ በርናርዶ ነው። መልካም ሥራውንም ጉድለቱንም ሳንሸሽግ እንተርካለን፤ የሰውን ሕይወት ስናነብ ከሁለቱም ልንማር ይገባናልና። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ልጅነቱና ጥሪው

ቶማስ በርናርዶ በጁላይ 4 ቀን 1845 ዓ.ም. በአየርላንድ አገር በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከጀርመን አገር የመጣ፥ የጠጉር ቆዳ ልብስ እያሠራ የሚሸጥ ነጋዴ ነበረ። ልጁ በቁመቱ አጭር፥ በጠባዩ እልከኛ፥ ሌላ ሰው እንዲያዝዘው የማይወድ ነበረ። ይህ እልኩ ኋላ ለመልካም ሥራ እንዴት እንደ ረዳው፥ ደግሞም እንዴት እንዳሳተው ወደ ፊት እናያለን።

በወጣትነቱ መጀመሪያ ለሃይማኖት ግድ አልነበረውም፤ ይልቁንም ስለ እምነት የሚናገሩትን ያቃልል ነበር። በ1862 ዓ.ም. ግን በደብሊን የመንፈስ መነቃቃት በሆነ ጊዜ ልቡ ተነካ፤ ያን ጊዜ ገና 17 ዓመት አልሞላውም ነበር። እምነቱም በቃል ብቻ አልቀረም። ወዲያው በከተማው ውስጥ ወደሚገኙት የድሆች ሰፈሮች እየወረደ ቡትቶ ለባሽ ልጆችን ፊደልና የእግዚአብሔርን ቃል ያስተምር ጀመር።

በ1866 ዓ.ም. በቻይና አገር ወንጌልን የሚሰብክ ሃድሰን ቴይለር የሚባል ሰው ወደ ደብሊን መጣ። ቶማስም የቻይና ሕዝብ ያለበትን ሁኔታ ከእርሱ በሰማ ጊዜ፥ እርሱም ወደዚያ ሄዶ ሊያገለግል ቈረጠ። ለዚህም ለመዘጋጀት በዚያው ዓመት ወደ ሎንዶን ተሻገረ፤ ቀጥሎም በከተማይቱ ምሥራቅ ባለው በሎንዶን ሆስፒታል ገብቶ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። አሳቡ ሁሉ በሩቅ አገር ነበረ። እግዚአብሔር ግን ሥራውን ከተማሪ ቤቱ ደጃፍ አጠገብ አዘጋጅቶለት ነበር።

፪. የሎንዶን ምሥራቃዊ ክፍል

በዚያን ዘመን ሎንዶን በዓለም ካሉት ከተሞች ሁሉ የበለጠች ነበረች። መርከቦች ከየአገሩ ሸቀጥ ያወርዱባት ነበር፤ ባለጠጎችዋም ብዙዎች ነበሩ። በምሥራቅ በኩል ግን፥ በወንዙ ዳር በመርከብ ማረፊያው አጠገብ፥ እጅግ ድሃ የሆነ ሕዝብ ተጨናንቆ ይኖር ነበር። የቀን ሙያተኛው ጥዋት ጥዋት በወደቡ በር ቆሞ ሥራ ይለምናል፤ ሥራ ካገኘ ቤተ ሰቡ ይበላል፤ ካላገኘ ጦሙን ያድራል። አንድ ክፍል ብዙ ቤተ ሰብ ይጋራዋል። ለአንዲት ሌሊት መኝታ ጥቂት ሳንቲም የሚከፈልባቸው ማደሪያ ቤቶች ነበሩ፤ ያን ሳንቲም ያጣ ሰው ግን ውጭ ያድራል።

መንግሥት ለድሆች ያቆማቸው ቤቶች አልነበሩም ማለት አይደለም። ነገር ግን በ1834 ዓ.ም. በወጣው የድሆች ሕግ መሠረት እነዚያ ቤቶች ሆን ተብለው አስቸጋሪ ተደርገው ነበር፤ ባል ከሚስቱ፥ እናትም ከልጆችዋ ይለዩባቸው ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደዚያ ከመግባት ይልቅ ረኃብን ይመርጥ ነበር። ልጆችም ከዚያ እየሸሹ በየገበያው ዳስ፥ በየድልድዩ ሥር፥ በባዶ በርሜልና በየጣራው ላይ ያድሩ ነበር።

በርናርዶ በደረሰበት በ1866 ዓ.ም. ኮሌራ የሚባለው በሽታ በዚሁ ክፍል ተነሣና በሎንዶን ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ወጣቱ ተማሪ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ በሽተኞችን ሲረዳ፥ በመጽሐፍ ያላነበበውን ድህነት በዓይኑ አየ። ሞት በየቤቱ በገባ ጊዜም፥ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ወደ ጐዳና እንደሚወጡ አስተዋለ። ከዚህ በኋላ ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር የአህያ ጋጣ የነበረ ቤት ተከራይቶ አጸዳ፤ ወለሉንም አስተካክሎ በማታ ለሰፈሩ ልጆች ትምህርት ቤት አደረገው።

፫. ከምድጃው አጠገብ የቀረው ልጅ

በርናርዶ ራሱ ኋላ እንደ ተረከው፥ በአንድ የብርድ ምሽት ትምህርት አልቆ ልጆቹ ሁሉ ሲሄዱ ጂም ጃርቪስ የሚባል አንድ ልጅ ከእሳቱ አጠገብ ቀረ። ዕድሜው 10 ዓመት ያህል ነበረ፤ ጫማም ሸሚዝም አልነበረውም። በርናርዶም እናቱ እንዳታስብ ቶሎ ወደ ቤቱ እንዲሄድ መከረው። ልጁ ግን እናት እንደሌለው፥ አባትም እንደሌለው፥ ቤትም እንደሌለው ነገረው። መምህሩ አላመነውም። ወላጅ አልባ ሕፃናት እንዳሉ ያውቅ ነበር፤ በዚያ ብርድ ውጭ የሚያድር ሕፃን ይኖራል ብሎ ግን አላሰበም ነበር። ስለዚህ እንደ እርሱ ያሉ ሌሎች ልጆች አሉን ብሎ ጠየቀው። ልጁም ሊቈጥራቸው እስከማይችል ብዙ እንደ ሆኑ መለሰለት።

በርናርዶም ልጁን ወደ ማደሪያው ወሰደውና ትኩስ ቡና አጠጣው፤ አበላውም። ስለ ጌታችንም ቢጠይቀው፥ ኢየሱስ ማለት የሮም ጳጳስ እንደ ሆነ መለሰለት፤ በዚያች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ባሉባት ከተማ ማንም አላስተማረውም ነበርና። ከእኩለ ሌሊትም በኋላ ልጁ መርቶት ወጡ። በጠባብ መንገዶች አልፈው፥ የአሮጌ ልብስ ገበያ ካለበት ሰፈር ደርሰው፥ አንድ ግንብ ወጡ። በጣራው ላይም አሥራ አንድ ልጆች በቡትቷቸው ተኝተው ነበር። ራሳቸውን ወደ ጣራው ከፍታ፥ እግራቸውንም ወደ ዝናቡ አሸንዳ አድርገው ነበር፤ የለበሱት ነገር አልነበረም። ልጁ ሊቀሰቅሳቸው ፈልጎ ነበር፤ በርናርዶ ግን ከለከለው። ቢነቁ የሚሰጣቸው ምንም አልነበረውምና።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ነገር ልብ አድርግ። ይህ ሰው በዚያ ሰፈር ሲመላለስ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር፤ ያስተምር ነበር፤ በሽተኛ ይጠይቅ ነበር። ሆኖም ሌሊቱን አያውቀውም ነበር። ትምህርት ቤቱ በሰዓቱ ይዘጋል፤ እርሱም ይተኛል፤ የሚያስተምራቸው ልጆች ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቆ አያውቅም ነበር። አንድ ልጅ ከእሳቱ አጠገብ አልነሣም ባይል ኖሮ፥ ምናልባት ሳያውቅ ወደ ቻይና በሄደ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያየውን በየጉባኤው ይናገር ጀመር። ለድሆች ሕፃናት ብዙ ዘመን የደከመ ሎርድ ሻፍትስበሪ የሚባል መኰንንም ነገሩን ሰምቶ ሊያይ ወደደ። በርናርዶ እንደ ተረከው፥ ከሌሎች እንግዶች ጋር በሌሊት ወደ ዓሣ ገበያው አጠገብ ሄደው፥ ሸቀጥ በሚሸፍን ትልቅ ሸራ ሥር ከሰባ የሚበልጡ ልጆች ተኝተው አገኙ። ከዚያ ወዲህ የረጂዎች ቍጥር እየበዛ ሄደ፤ በርናርዶም ወደ ቻይና የመሄዱን አሳብ ተወ።

፬. ነገሩን ሁሉ የለወጠው ሞት

በ1870 ዓ.ም. በርናርዶ ስቴፕኒ ኮዝዌይ በሚባል ጐዳና አንድ ቤት ተከራይቶ፥ መጠጊያ ለሌላቸው ወንዶች ልጆች የመጀመሪያውን ማደሪያ ከፈተ። በሌሊት ፋኖስ ይዞ እየወጣ በየጥጉ የተኙትን ይፈልግ ነበር። ነገር ግን አንድ ጽኑ ሥርዓት ነበረው፤ በእጁ ካለው ገንዘብ አልፎ አንድም ልጅ አይቀበልም፤ ዕዳም አይገባም። ይህ ሥርዓት ለሰሚው ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ማንም አስተዋይ ሽማግሌ ይህን ይመክራል።

አንድ ሌሊት በርናርዶ ለጥቂት ልጆች የሚሆን ቦታ ስለ ነበረው ሊመርጥ ወጣ። ብዙዎች ከበቡት። ከእነርሱም መካከል ጠጉሩ ቀይ ስለ ሆነ ካሮት ብለው የሚጠሩት የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። ይህም ልጅ እንዲወስደው አጥብቆ ለመነው። ነገር ግን ቍጥሩ ሞልቶ ነበር። በርናርዶም በሚቀጥለው ጊዜ ቦታ ሲገኝ በመጀመሪያ እርሱን እንደሚወስደው ተስፋ ሰጥቶ፥ ጥቂት ሳንቲም ሰጥቶ ተወው።

ከጥቂት ቀን በኋላ በገበያ አጠገብ ጫኞች በጥዋት ባዶ የስኳር በርሜል ሲያነሡ በውስጡ ሁለት ልጆች አገኙ። አንደኛው ነቅቶ ሸሸ፤ ሁለተኛው ግን አልተነሣም። ያ ቀይ ጠጉር ያለው ልጅ ነበረ። የሞቱን ምክንያት የመረመሩትም ብርድና የምግብ እጦት እንደ ገደለው ፈረዱ።

በርናርዶ ይህን በሰማ ጊዜ ራሱን አላጸደቀም። ሥርዓቴን ጠብቄአለሁ ብሎ፥ ወይም ገንዘብ ሳይኖረኝ ምን ላድርግ ብሎ ማመካኘት ይችል ነበር፤ ሰውም ሁሉ ይቀበለው ነበር። እርሱ ግን ዕዳ እንዳይነካው ብሎ ደጁን በዘጋ ጊዜ፥ በሳንቲም ከሚቈጠረው ዕዳ የሚከብድ ዕዳ እንደ ገባ ተረዳ። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ምንም የሌለው ሕፃን ሁሉ ያለ መከልከል እንደሚገባ በግልጥ የሚናገር ጽሕፈት በደጁ አስጻፈ። ደጁም ቀንና ሌሊት የሚከፈት ሆነ። ጠባቂውም በሌሊት የሚመጣውን ልጅ አስቀድሞ እንዲያስገባው፥ ማንነቱን ግን ኋላ እንዲመረምር ታዘዘ። ይህን የመሰለ የማይዘጋ ደጅ በሌሎች የእንግሊዝ አገር ታላላቅ ከተሞችም ደግሞ ተከፈተ።

፭. ከደጁ በስተ ውስጥ

ልጅን ከብርድ ማስገባት የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አልነበረም። በርናርዶ ምጽዋት ብቻ እየበላ ያደገ ልጅ ሲያድግ ተመልሶ ለማኝ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ስለዚህ በስቴፕኒ ቤት ውስጥ የእጅ ሥራ መማሪያዎችን አቆመ። ልጆቹ ከንባብና ከቍጥር ጋር የልብስ ስፌት፥ የጫማ ሥራ፥ የአናጢነት፥ የዳቦ ጋገራ፥ የቡርሽ ሥራና የማተሚያ ሥራ ይማሩ ነበር። ሌሎችም በከተማው ውስጥ ጫማ እየጠረጉ፥ እንጨት እየፈለጡ፥ መልእክት እያደረሱ በላባቸው እንጀራቸውን ያገኙ ነበር።

በ1872 ዓ.ም. ደግሞ በላይምሃውስ ሰፈር ስሙ የታወቀ አንድ ትልቅ መጠጥ ቤት ገዛ። የኤዲንበርግ ግንብ የሚባል ነበረ፤ ብዙ አባቶች ደመወዛቸውን የሚያፈስሱበት ስፍራ ነበረ። እርሱም የጸሎትና የስብከት ቤት፥ ደግሞም ሠራተኞች ያለ አልኮል ቡና እየጠጡ የሚያርፉበት ቤት አደረገው። በ1877 ዓ.ም. በኮፐርፊልድ መንገድ የዕቃ መጋዘን የነበሩትን ቤቶች ለድሆች ልጆች ነጻ ትምህርት ቤት አደረጋቸው። ያ ትምህርት ቤት እስከ 1908 ዓ.ም. ድረስ ልጆችን ያስተምር ነበር፤ የተራቡትንም ያበላ ነበር፤ ሕንፃው ዛሬም ቆሞ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሙዚየም ሆኖአል።

በ1873 ዓ.ም. በርናርዶ ሲሪ ኤልምስሊ የምትባለውን አገባ። ለሠርጋቸውም ስጦታ ከሎንዶን ውጭ ባርኪንግሳይድ በሚባል መንደር አንድ ቤት ተሰጣቸው፤ ባልና ሚስቱም ቤቱን መጠጊያ ለሌላቸው ልጃገረዶች አደረጉት። በመጀመሪያ ብዙ ልጃገረዶችን በአንድ ሕንፃ ውስጥ አኖሩ። ነገር ግን ይህ አካሄድ መልካም ፍሬ አላፈራም፤ ልጆቹ እንደ ወታደር በጅምላ ሲያድጉ አንዲቱ የሌላይቱን ክፋት ትማር ነበር፤ እናት የምትላት ማንም አልነበረችም። በርናርዶም ይህን ባየ ጊዜ አሳቡን ለወጠ። በአንድ ትልቅ ሕንፃ ፈንታ ትናንሽ ቤቶች በአንድ ሜዳ ዙሪያ እንዲሠሩ አደረገ፤ በእያንዳንዱም ቤት አንዲት ሴት እንደ እናት ሆና ጥቂት ልጆችን ታሳድግ ነበር። ይህ የልጃገረዶች መንደር በ1876 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኋላም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ልጃገረዶች የሚኖሩበት ሆነ። ከ1880ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ደግሞ ብዙ ሕፃናትን በገጠር ለሚኖሩ መልካም ቤተ ሰቦች እየሰጠ፥ ወጪያቸውን እየከፈለ ያሳድጋቸው ነበር።

አካላቸው የተጐዳ፥ ዕውሮችና ደንቈሮዎች የሆኑ ልጆችም ወደ ሌላ ስፍራ አልተላኩም፤ ከሌሎቹ ጋር ተቀበላቸው። በራሱም ቤት ማርጆሪ የምትባል ልጁ ከተወለደች ጀምሮ የአእምሮ እድገትዋ የዘገየ ነበረ። እርስዋን አጥብቆ ይወድድ ነበር፤ ከእርስዋም እንደ እርስዋ ያሉትን ማክበር እንደ ተማረ ይነገራል። ከልጆቹም በሕፃንነታቸው የሞቱበት ነበሩ፤ ስለዚህ ልጅ ማጣት ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር።

፮. ጉድለቱ

ወንድሜ ሆይ፤ እስከዚህ ድረስ የተነገረው ለማመስገን ይበቃል። እውነትን የሚወድድ ሰው ግን የቀረውንም መስማት ይገባዋል።

በርናርዶ ገንዘብ ለማግኘት የልጆችን ፎቶግራፍ እያስነሣ ይሸጥ ነበር። በአንዱ ሥዕል ልጁ ቡትቶ ለብሶ ይታያል፤ በሁለተኛው ጸድቶና ሥራ ይዞ ይታያል። ነገር ግን አንዳንዶቹ ሥዕሎች እውነተኛ አልነበሩም፤ ልጁ በመጣበት ቀን ከነበረው ይልቅ የከፋ ሆኖ እንዲታይ ልብሱ ተቀድዶ ነበር። ደግሞም የሐኪምነትን ማዕረግ ገና ሳያገኝ ዶክተር ተብሎ ይጠራ ነበር። በ1877 ዓ.ም. በነዚህና በሌሎች ብዙ ነገሮች ተከሰሰና ነገሩ በሽማግሌ ዳኞች ፊት ቀረበ። ዳኞቹም ብዙ ቀን ከመረመሩ በኋላ ገንዘብ አልሰረቀም፥ ቤቶቹም ለድሆች የሚጠቅሙ ናቸው ብለው ከዋነኛው ክስ ነጻ አወጡት። ስለ ሥዕሎቹ ግን ገሠጹት። እርሱም እንዲህ ያሉትን ሥዕሎች ተወ። እስከዚያ ድረስ ሥራውን ሁሉ ብቻውን ያዝዝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚቈጣጠሩት የታመኑ ሰዎች ጉባኤ ተቋቋመ።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ነገር ነበረ። በርናርዶ በክፉ ሰዎች እጅ ያለ ሕፃንን ለማዳን ሕግን መተላለፍ እንደሚገባ ያምን ነበር። በውነትም ልጆቻቸውን ለልመናና ለክፋት የሚያከራዩ ወላጆች ነበሩ። ነገር ግን እርሱ በዳይዋን እናትና ድሃዋን እናት ሁልጊዜ አልለየም። አንዲት ድሃ እናት ልጅዋ በራስዋ ሃይማኖት እንዲያድግ፥ ወደ ካቶሊኮች ቤት እንዲዛወርላት ጠየቀች። እርሱም እምቢ አለ፤ በ1891 ዓ.ም. የአገሩ ከፍተኛ ዳኞች ለእናቲቱ ፈረዱ። ሌላ ሕፃን ደግሞ ወደ ካናዳ ለሚሄድ እንግዳ ሰው ሰጥቶት ነበርና፥ ዳኞች እንዲያቀርበው ባዘዙት ጊዜ ሊያገኘው አልቻለም። በዚያው በ1891 ዓ.ም. የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ አወጣ፤ ልጁን የጣለ ወላጅ ልጁን ሊመልስ ቢወድ ዳኛው የልጁን ጥቅም አይቶ እንዲፈርድ ሥልጣን ሰጠው። በርናርዶ የፈለገው ነገር ከፊሉ በሕግ ተገኘ፤ ነገር ግን በኃይል ሳይሆን በዳኛ ፊት ነበረ።

ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮም ብዙ ልጆችን በመርከብ ወደ ካናዳ ይልክ ነበር። በዚያ ሰፊ መሬትና ሥራ እንዳለ፥ በሎንዶን ግን ለልጆቹ ተስፋ እንደሌለ ያስብ ነበር። ከእርሱ ሞት በኋላም ይህ ሥራ ቀጠለ፤ እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ ከቤቶቹ 30,000 ያህል ልጆች ወደ ካናዳ ሄዱ። ከእነርሱ መልካም ቤተ ሰብ ያገኙ፥ ባለ መሬትም የሆኑ አሉ። ነገር ግን በእርሻ ላይ ከዕድሜያቸው በላይ የሠሩ፥ የተደበደቡ፥ ከወንድሞቻቸውና ከእኅቶቻቸው የተለዩ፥ ወላጆቻቸውም ወዴት እንደ ሄዱ ሳያውቁ የቀሩ ብዙዎች ነበሩ። ልጆችን ወደ ባሕር ማዶ መላክ በሌሎችም ማኅበሮች ዘንድ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አልፎ የተለመደ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ስለዚህ ነገር በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቀ።

እንግዲህ ለሕፃኑ የተከፈተችው ደጅ ለእናቲቱ ብዙ ጊዜ ተዘግታ ነበር። ይህ ሰው አንዱን ትምህርት በአንድ ሕፃን ሞት ምክንያት ቶሎ ተማረ፤ ሁለተኛውን ግን ሳይጨርሰው ሞተ። በደጁ ቆማ የምታለቅሰው እናት እንደ ሞተው ልጅ አልታየችውም።

፯. ዕረፍቱ

በርናርዶ ራሱን አላሳረፈም። ሌሊት እስኪጋመስ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ልቡም በታመመ ጊዜ ሐኪሞች እንዲያርፍ ቢመክሩት ጥቂት ቀን ዐርፎ ይመለስ ነበር። በሕይወቱ ዘመን ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ ከምእመናን ሰበሰበ። ሆኖም ደጁን እንዳይዘጋ ስለ ቈረጠ ከገቢው ወጪው ይበልጥ ነበር፤ በሞተም ጊዜ ሥራው ከ200,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። አንዳንዶች ይህን እንደ ስንፍና ይቈጥሩታል። የዚያን የቀይ ጠጉር ልጅ ታሪክ የሰማ ግን ምክንያቱን ያውቃል።

በሴፕቴምበር 19 ቀን 1905 ዓ.ም. በ60 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑም መጠጥ ቤት በነበረው በላይምሃውስ የጸሎት ቤት ዐረፈ፤ የምሥራቅ ሎንዶን ድሆችም ሊሰናበቱት በብዛት መጡ። በቀብሩ ቀን ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር ተሰልፎ ሸኘው፤ በቤቶቹ ያደጉ ልጆችም ከሬሳው ኋላ ሄዱ። መቃብሩ በባርኪንግሳይድ፥ በልጃገረዶቹ መንደር ውስጥ ነው። በሞተ ጊዜ 96 ቤቶች ነበሩት፤ በእነርሱና በየገጠሩ ከ8,000 የሚበልጡ ልጆች በእጁ ያድጉ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተቀበላቸው ልጆች ቍጥርም ወደ 60,000 ይጠጋ ነበር።

በስሙ የተቋቋመው ማኅበር ዛሬም በእንግሊዝ አገር ይሠራል። ትላልቆቹን የልጆች ማደሪያዎች ግን ቀስ በቀስ ዘግቶአቸዋል። ልጅ ከሁሉ ይልቅ በቤተ ሰብ መካከል ሊያድግ እንደሚገባው ስለ ተረዳ፥ አሁን ወላጆችን በመርዳትና አሳዳጊ ቤተ ሰብ በመፈለግ ይደክማል። ስለዚህ በርናርዶ ሳይጨርሰው የሞተውን ትምህርት ከእርሱ በኋላ የመጡት ተማሩት።

፰. ምክር ለክርስቲያኖች

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ሕይወት ሦስት ነገር ወደ ልብህ አግባ።

መጀመሪያ፥ ሌሊቱን ጠይቅ። በቀን የምታያቸው ድሆች፥ በአጥቢያህ ደጃፍ የሚቀመጡት፥ ዕቃ የሚሸከሙልህ ልጆች፥ ጸሐይ ስትጠልቅ ወዴት እንደሚሄዱ ታውቃለህን? ሳንቲም ሰጥቶ ማለፍ ቀላል ነው፤ ወዴት ታድራለህ ብሎ መጠየቅ ግን ከባድ ነው፤ መልሱን ከሰማህ በኋላ እንዳልሰማህ ልትሆን አትችልምና። በርናርዶን ከቻይና መንገድ የመለሰው ይህ ጥያቄ ነው። ጌታችን ራሱ ከተወለደበት ሌሊት ጀምሮ ማደሪያ ያጣ እንደ ነበረ አስብ።

ሁለተኛ፥ ነገ የሚባለውን ቃል ፍራ። የተቸገረውን ሰው በክፉ ቃል አባርሮ ደጁን የሚዘጋ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው በመልካም ቃልና በተስፋ ይዘጋል። ያ ልጅ የሞተው ተስፋ ተሰጥቶት ነው። በእርግጥ አንድ ሰው የከተማን ድህነት ሁሉ ሊሸከም አይችልም፤ ነገር ግን ዛሬ ልታደርገው የሚቻልህን ለነገ አታሳድር። ቦታ ከሌለህ ቦታ ያለውን ፈልግለት፤ ገንዘብ ከሌለህ አብረኸው ሂድ።

ሦስተኛ፥ መልካም ሥራህን በውሸትና በትዕቢት አታቆሽሸው። የተራበውን ለመመገብ ብሎ ሐሰት መናገር፥ ልጅን ለማዳን ብሎ እናትን መናቅ፥ ክርስቲያናዊ ሥራ አይደለም። የምትረዳው ሰው ዕቃህ አይደለም። ወላጅ አለው፥ ስም አለው፥ እንደ አንተ ፈቃድ አለው። ስትረዳው አሳቡን ጠይቀው፤ እናቱንም አክብራት፤ የሚቈጣጠርህንም ሰው አትጥላ። በርናርዶን ከጠላቶቹ ክስ ይልቅ የጠቀመው፥ ከ1877 ዓ.ም. በኋላ የሚቈጣጠሩት ሰዎች መኖራቸው ነው።

ይህን ያነበብህ ወንድሜ፥ ያነበብሽም እኅቴ ሆይ፤ በዚህ ሳምንት ቤት የሌለውን አንድ ሰው በስሙ እወቁት። ወዴት እንደሚያድርም ጠይቁት። ሰምታችሁም እንደ ዓቅማችሁ አድርጉ፤ ብቻችሁን የማትችሉትን ከማኅበራችሁ ጋር ተማከሩበት። ለምሕረቱ ልክ የሌለው እግዚአብሔር ደጃችንን እንድንከፍት ኃይልን፥ ለሚገቡትም ሁሉ ቅን ልብን ይስጠን። አሜን።